የኒው ዮርክ ከተማ በጀት እንዴት ተሰበረ፣ እንዴትስ ተጠገነ? (ከ1965 እስከ 1981)

ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1975 ፌብሩዋሪ መጨረሻ የኒው ዮርክ ከተማ አስተዳደር የ260 ሚሊዮን ዶላር የአጭር ጊዜ የብድር ሰነድ ለመሸጥ ተዘጋጅቶ ነበር። መያዣው ከተማው ገና ያልሰበሰበው የንብረት ግብር ነው። ሰነዱን ተረክበው ለገበያ የሚያቀርቡት ባንኮች ጠበቆች ከመፈረማቸው በፊት አንድ ቀላል ነገር ጠየቁ፦ ይሰበሰባል የተባለው ግብር በእርግጥ ስንት ነው? ከእሱ ውስጥስ እስካሁን ያልተበደራችሁበት ምን ያህል ቀርቷል? የከተማው የሂሳብ መሥሪያ ቤት ጠበቆቹን የሚያሳምን መልስ በሰዓቱ ማቅረብ አቃተው። ሽያጩ ተሰረዘ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከተማው ከገበያ ገንዘብ የሚያገኝበት በር ሁሉ ተዘጋ።

ወደ 12 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዓመታዊ በጀትና ወደ 300 ሺህ የሚደርስ ሠራተኛ የነበረው ከተማ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያጣው የሂሳብ ባለሙያ ስላልነበረው አይደለም። የወቅቱ ከንቲባ አብርሃም ቢም ራሳቸው የሂሳብ ሰው ነበሩ፤ የከተማው የበጀት ዳይሬክተር ሆነው ሠርተዋል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ የከተማው ዋና የሂሳብ ተቆጣጣሪ ሆነው ተመርጠዋል። ችግሩ ያለው በጀቱ በሚዘጋጅበት ደንብ ላይ ነበር። ደንቡ በየዓመቱ በወረቀት ላይ ሚዛኑን የጠበቀ በጀት እንዲቀርብ ያስገድዳል። ያ ሚዛን እውነት ስለመሆኑ ግን ከአዘጋጁ ውጪ የሚያረጋግጥ ሰው አላስቀመጠም። ከዚህ በታች የምናየው እያንዳንዱ ቀዳዳ ከዚህ አንድ ጉድለት የወጣ ነው።

በጀቱ በወረቀት ላይ እንዴት ይዘጋጅ ነበር

ኒው ዮርክ በበጀት አዘገጃጀት ኋላ ቀር የነበረ ከተማ አይደለም። እንዲያውም በአሜሪካ ዘመናዊ የከተማ በጀት ከተወለደባቸው ቦታዎች ዋናው ነው። በ1907 በሕግ የተመዘገበው የግል ድርጅት፣ የማዘጋጃ ቤት ጥናት ቢሮ፣ የከተማውን መሥሪያ ቤቶች ወጪ በየሥራው ዘርዝሮ የሚያሳይ በጀት እንዲዘጋጅ ገፋፋ፤ ከጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ጀምሮም ሌሎቹ ተከተሉ። ከዚያ በፊት የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ጥቅል ገንዘብ ይጠይቃል፣ ጥቅል ገንዘብ ይሰጠዋል፣ ምን እንደሠራበት ከወጪው ጋር አያይዞ የሚያይ አልነበረም። በ1908 ደግሞ ተራው ነዋሪ ገብቶ እንዲመለከተው የበጀት ኤግዚቢሽን ተከፈተ። በጀትን ለሕዝብ ዓይን ያወጣ ከተማ ከ60 ዓመት በኋላ የራሱን ቁጥር ማረጋገጥ አለመቻሉ ነው ይህን ጉዳይ ደጋግሞ ሊጠና የሚገባው የሚያደርገው።

በ1960ዎቹ የከተማው የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምርና ጁን 30 ያበቃል። በጀቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው መደበኛ በጀት ነው፦ ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ ድጎማ፣ የዕዳ ክፍያ። ሁለተኛው ካፒታል በጀት ነው፦ ድልድይ፣ ትምህርት ቤት፣ የውኃ መስመር፣ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ማንኛውም ግንባታ። መደበኛው በዓመቱ ገቢ መሸፈን አለበት። ካፒታሉ በረጅም ጊዜ ቦንድ ይሸፈናል፤ ድልድዩን ለ30 ዓመት የሚጠቀመው ትውልድ ለ30 ዓመት ይክፈልበት ነው ሐሳቡ፣ ትክክለኛ ሐሳብም ነው።

የገቢው ስሌት ደግሞ እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ወጪው ይደመራል። ከዚያ ከንቲባው ከንብረት ግብር ውጪ ያለውን ገቢ ሁሉ ይገምታሉ፦ የሽያጭ ግብር፣ ከ1966 ጀምሮ የከተማው የገቢ ግብር፣ ከኒው ዮርክ ግዛትና ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣ ድጋፍ። በወጪውና በዚህ ግምት መካከል የሚቀረውን ክፍተት የንብረት ግብር ይሞላዋል፤ የግብሩ መጣኔ የሚወሰነውም በዚያው መጠን ነው። ነገር ግን የግዛቱ ሕገ መንግሥት ጣሪያ አስቀምጧል። ከተማው ለመደበኛ ወጪ የሚጥለው የንብረት ግብር፣ ግብር ከሚከፈልበት ንብረት አማካይ ሙሉ ዋጋ ከ2.5 በመቶ መብለጥ አይችልም። የረጅም ጊዜ ዕዳን ለመክፈል የሚጣለው ግብር ግን በዚህ ጣሪያ ውስጥ አይቆጠርም።

ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ልብ ይሏል። አንድ ወጪ በደመወዝ መዝገብ ሲሰፍር ጣሪያውን ይነካል፤ ያው ወጪ በቦንድ ተሸፍኖ ዕዳ ሲሆን ጣሪያውን አይነካም። የበጀት አዘጋጁ ሰነፍም ይሁን ተንኮለኛ፣ ደንቡ ራሱ ወዴት እንደሚገፋው ግልጽ ነው።

ቀዳዳዎቹ

በ1960ዎቹ አጋማሽ የወጪው ግፊት በረታ። የ1966ቱ የግዛቱ የሜዲኬይድ ሕግ ለድሆች ሕክምና የሚከፈለውን ወጪ ፌዴራሉ ግማሹን፣ ግዛቱ ሩቡን፣ ከተማው ቀሪውን ሩብ እንዲከፍል አደረገ፤ ለችግረኞች የሚሰጠው ድጎማም በብዛት በዚሁ መንገድ ይከፋፈላል። በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ይህን የሚከፍለው ግዛቱ እንጂ ከተማ አይደለም። ከ1969 በኋላ ደግሞ ከተማው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ500 ሺህ በላይ የሥራ ቦታ አጣ። ግብር ከፋዩ ሲቀንስ ድጎማ ጠያቂው ይጨምራል። ሁለቱ እውነተኛ ግፊቶች ናቸው፣ ማንም ሊክዳቸው አይችልም። ግፊት ግን ወደ ቀውስ የሚለወጠው በጀቱ ሲደብቀው ነው።

የመጀመሪያው መደበቂያ ካፒታል በጀት ሆነ። የግዛቱ ሕግ አውጪ በየጊዜው ባደረጋቸው ማሻሻያዎች አንዳንድ መደበኛ ወጪዎች «ለወደፊት የሚጠቅሙ ናቸው» ተብለው ከካፒታል በጀት እንዲከፈሉ ተፈቀደ። በካፒታል ሥራ ላይ የተሰማሩ የጠበቆችና የመሐንዲሶች ደመወዝ፣ የሙያ ትምህርት ወጪና የመሳሰሉት ገቡ። በ1975 የበጀት ዓመት በዚህ መንገድ ወደ ካፒታል በጀት የተሻገረው መደበኛ ወጪ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። የአንድ ዓመት ደመወዝ በቦንድ ሲከፈል ሠራተኛው ጡረታ ከወጣ በኋላም ከተማው ወለዱን ሲከፍል ይኖራል። ቦንድ የማውጣት አቅሙን ደመወዝ ስለበላው ደግሞ ለእውነተኛው ግንባታ የሚተርፍ ይጠፋል። በ1973 ዲሴምበር በማንሃተን ምዕራባዊ ዳርቻ የነበረው ከፍ ብሎ የተሠራ አውራ ጎዳና አንድ ክፍሉ ተደረመሰ። በላዩ ላይ የነበረው የጭነት መኪና ለዚያው ጎዳና ጥገና የሚሆን አስፋልት የጫነ ነበር።

ሁለተኛው መደበቂያ የገቢ ግምቱ ነው፤ ትልቁን ጉዳት ያደረሰውም ይኸው ነው። ከተማ በዓመቱ መጀመሪያ ወጪ ያወጣል፣ ገቢው ግን በአመዛኙ ዘግይቶ ይገባል። ስለዚህ የሚጠበቀውን ገቢ መያዣ አድርጎ ለጥቂት ወራት መበደር የተለመደና ጤናማ አሠራር ነው፤ ገቢው ሲመጣ ብድሩ ይከፈላል። እስከ 1965 ድረስ ከተማው መበደር የሚችለው ባለፈው ዓመት በትክክል ባገኘው ገቢ ልክ ነበር። በዚያ ዓመት ሕጉ ተሻሻለና ከንቲባው በሚያቀርቡት የመጪው ዓመት ግምት ልክ መበደር ተፈቀደ። አንዲት ቃል ናት የተለወጠችው፤ «የተገኘ» የነበረው «የሚገመት» ሆነ።

ምን እንደሚያስከትል በቁጥር እንየው፤ ቁጥሩ ለማስረዳት የተመረጠ ነው። ከግዛቱ 100 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ይመጣል ተብሎ ተገመተ፣ በዚያው ልክ ብድር ተወሰደ፣ ወጪ ተደረገ። የመጣው ግን 60 ሚሊዮን ነው። የጎደለው 40 ሚሊዮን በበጀቱ ላይ ጉድለት ተብሎ አይጻፍም፤ «ገና ያልተሰበሰበ» ተብሎ በተሰብሳቢ ሂሳብ ውስጥ ይቀመጣል፣ ብድሩም በአዲስ ብድር ይከፈላል። ወለዱ 8 በመቶ ቢሆንና በየዓመቱ ያው 40 ሚሊዮን ቢጎድል፣ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ የተንከባለለው ዕዳ ወደ 235 ሚሊዮን ይጠጋል። አምስቱም በጀቶች በወረቀት ላይ ሚዛናቸውን ጠብቀው ነው ያለፉት። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአገራችን አባባል ለዚህ ተሰብሳቢ ሂሳብ የተተረተ ይመስላል።

በንብረት ግብር ላይም ያው ሆነ። ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው በሄዱ ሕንፃዎች ላይ የተጣለ ግብር፣ ከተማው ራሱ በያዘው ንብረት ላይ የተመዘገበ ግብር ሳይቀር ይሰበሰባል ተብሎ ተቆጥሯል፤ ተበድረውበታልም። በ1975 የግዛቱ ዋና የሂሳብ ተቆጣጣሪ አርተር ሌቪት መሥሪያ ቤት ኦዲት ሲያደርግ፣ ከተማው ይሰበሰባል ብሎ ከያዘው ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውዝፍ የንብረት ግብር ውስጥ አራት አምስተኛው ያህል የማይሰበሰብ ሆኖ ተገኘ። በፌብሩዋሪ የባንኮቹ ጠበቆች የጠየቁት ጥያቄ እውነተኛ መልስ ይህ ነበር።

ሦስተኛው የሂሳብ አያያዙ ነው። ከተማው ገቢውን የሚመዘግበው መብቱ በተፈጠረበት ቀን ነው፤ ገንዘቡ ባይገባም «ይገባኛል» ካለ ገቢ ነው። ወጪውን ግን የሚመዘግበው ጥሬ ገንዘቡ ከካዝና ሲወጣ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያደርጉ የዘንድሮ ገቢ ይሰፋል፣ የዘንድሮ ወጪ ይጠባል። በጁን የመጨረሻ ቀናት ሊከፈል የሚገባው ወጪ ወደ ጁላይ ሲገፋ ከዘንድሮ በጀት ይጠፋል። ለአንድ ዓመት ይሠራል። በሚቀጥለው ዓመት ግን ያንኑ ክፍያ ደግሞ መግፋት ግድ ነው፤ ያለበለዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ የሁለት ጊዜ ክፍያ ይወድቃል። ስለዚህ ይህ ዘዴ አንዴ ከተጀመረ አይቆምም፤ በየዓመቱ በዚያው ላይ አዲስ መጨመር ያስፈልጋል።

አራተኛው የጡረታ መዋጮ ነው። ከተማው ለሠራተኞቹ ጡረታ በየዓመቱ የሚያስቀምጠው ገንዘብ የሚሰላው ሠራተኛው ስንት ዓመት ይኖራል በሚል ሠንጠረዥ ነው። በሥራ ላይ የነበረው ሠንጠረዥ ከ1908 እስከ 1914 በተሰበሰበ መረጃ ላይ የተመሠረተ ነበር። ሰው በዚያ ዘመን ከሚኖረው ይልቅ ረጅም ዕድሜ እየኖረ፣ የመዋጮው ስሌት ግን ቶሎ እንደሚሞት ይቆጥር ነበር። የሚቀመጠው ገንዘብ በዚያው ልክ አነሰ።

አራቱም ዘዴዎች በድብቅ የተሠሩ አልነበሩም። የግዛቱ ሕግ አውጪ ፈቅዷቸዋል፣ የከተማው ምክር ቤት አጽድቋቸዋል፣ ባንኮች ሰነዱን ሸጠዋል። በ1977 ኦገስት የፌዴራሉ የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ ከንቲባውንም፣ የከተማውን የሂሳብ ተቆጣጣሪም፣ ሰነዱን ያሻሻጡትን ባንኮችም ለሕዝቡ እውነቱን አልገለጹም ሲል ወቅሷል።

ገበያው ሲዘጋ

በ1974 መጨረሻ ከተማው ለአጭር ጊዜ ብድር ከ9 በመቶ በላይ ወለድ ይከፍል ነበር። በ1975 ፌብሩዋሪ 25 የግዛቱ የቤቶች ልማት ድርጅት የተበደረውን በቀኑ መክፈል ሲያቅተው አበዳሪዎች «የመንግሥት ሰነድም ሊታጠፍ ይችላል» ብለው ደነገጡ። የ260 ሚሊዮኑ ሽያጭ የተሰረዘው በዚያው ሳምንት አካባቢ ነው።

በዚህ ጊዜ የከተማው ጠቅላላ ዕዳ ወደ 14 ቢሊዮን ዶላር ሲጠጋ፣ ከዚህ ውስጥ 6 ቢሊዮን ያህሉ የአጭር ጊዜ ነበር። ለአንባቢ አጽንዖት ልንሰጥበት የምንፈልገው ይህን ቁጥር ነው። 14 ቢሊዮን በ30 ዓመት የሚከፈል ቢሆን ኖሮ ለዚያ ሀብታም ከተማ ከባድ እንጂ የሚገድል አልነበረም። 6 ቢሊዮን በወራት ውስጥ ተራ በተራ ሲደርስ ግን ከተማው ደጋግሞ ወደ ገበያ መውጣት አለበት ማለት ነው። ገበያው ለአንድ ወር ቢዘጋ ደመወዝ የለም። የጎደለ ገቢን በአጭር ጊዜ ብድር ማንከባለል መጠኑን ብቻ ሳይሆን የመክፈያ ቀኑንም ነው ያበላሸው።

በኤፕሪልና በሜይ ግዛቱ በኋላ ሊሰጥ የነበረውን 800 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አስቀድሞ በመስጠት ጊዜ ገዛ። በጁን 10 የማዘጋጃ ቤት ድጋፍ ኮርፖሬሽን በሕግ ተቋቋመ፤ እስከ 3 ቢሊዮን ዶላር የረጅም ጊዜ ቦንድ ሸጦ የከተማውን የአጭር ጊዜ ዕዳ እንዲተካ። የሠራው አሠራር ቀላል ነው፦ የከተማው የሽያጭ ግብርና የአክሲዮን ዝውውር ግብር በከተማው ካዝና ሳያልፉ በቀጥታ ለቦንዱ ክፍያ ይውላሉ፣ የተረፈው ነው ለከተማው የሚደርሰው። አበዳሪው ከንቲባውን ማመን አያስፈልገውም፤ ግብሩን ካመነ ይበቃል።

ቦንዱ ለጊዜው ተሸጠ፣ ነገር ግን በቀጣዮቹ ሳምንታት ዋጋው ወደቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ኮርፖሬሽኑ የድሮውን ዕዳ ቀየረ፣ በጀቱ የሚዘጋጅበትን መንገድ ግን አልነካም። ከጁላይ 1 ጀምሮ ሺዎች ፖሊሶች፣ የእሳት አደጋና የጽዳት ሠራተኞች ቢሰናበቱም፣ ጉድለቱ በእርግጥ ስንት እንደሆነ እስካልታወቀ ድረስ የቱ ቅነሳ እንደሚበቃ ማንም ሊናገር አይችልም።

ሴፕቴምበር 9 የወጣው የፋይናንስ አስቸኳይ ጊዜ ሕግ ይህን ነካ። ኦክቶበር 17 ግን ከተማው ከአፋፍ ላይ ነበር። በዚያ ቀን መከፈል ያለበት ዕዳ 453 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በካዝና ያለው 34 ሚሊዮን። የኪሳራ ማመልከቻው ተረቅቆ ተቀምጧል። የመምህራን ማኅበሩ መሪ አልበርት ሻንከር ከብዙ ማቅማማት በኋላ የመምህራን ጡረታ ፈንድ 150 ሚሊዮን ዶላር የኮርፖሬሽኑን ቦንድ እንዲገዛ ሲስማሙ ነው ቀኑ ያለፈው። ከ12 ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ፎርድ ከተማውን ከኪሳራ ለማዳን የሚወጣን ማንኛውንም ሕግ እንደሚሽሩ ተናገሩ። በኖቬምበር ግን ግዛቱ ግብር ሲጨምር፣ የጡረታ ፈንዶች ተጨማሪ ቦንድ ሲገዙና ወደ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን የአጭር ጊዜ ሰነድ ክፍያ በሕግ ሲታገድ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ዲሴምበር 9 በተፈረመው ሕግ ፌዴራሉ እስከ 1978 ጁን 30 ድረስ በየዓመቱ እስከ 2.3 ቢሊዮን ዶላር የወቅት ብድር እንዲያቀርብ ተፈቀደ። ወለዱ ግምጃ ቤቱ ራሱ ከሚበደርበት በ1 በመቶ ይበልጣል፤ በየበጀት ዓመቱ መጨረሻ መመለስ አለበት። ተመልሷልም፤ ፌዴራሉ ከዚህ ብድር አተረፈ።

የክፍያ እገዳው ግን አልጸናም። በ1976 ኖቬምበር የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከተማው ሙሉ እምነቱንና ክብሩን መያዣ አድርጎ የተበደረውን አልከፍልም ማለት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ መጠገኛ የተባለው እርምጃ ራሱ የከተማውን ቃል የሚያፈርስ ነበርና።

ደንቡ እንዴት ተለወጠ

የሴፕቴምበሩ ሕግ ያቋቋመው የአስቸኳይ ጊዜ የፋይናንስ ቁጥጥር ቦርድ ሰባት አባላት ነበሩት፦ የግዛቱ ገዥ፣ ከንቲባው፣ የግዛቱና የከተማው ዋና የሂሳብ ተቆጣጣሪዎች፣ ገዥው ከግል ዘርፍ የሚሾሟቸው ሦስት ሰዎች። ከተማው የሦስት ዓመት የፋይናንስ ዕቅድ ማቅረብ አለበት፤ ዕቅዱ በ1978 በጀት ዓመት ሚዛኑን መጠበቅ አለበት። የገቢ ግምቱን ቦርዱ ይመረምራል፣ ካላመነበት ራሱ ይተካዋል። የከተማው ገቢ በቦርዱ ቁጥጥር ሥር ባለ ሂሳብ ያልፋል። ትልልቅ ውሎችና ከማኅበራት ጋር የሚደረጉ የደመወዝ ስምምነቶች በዕቅዱ ውስጥ መግባታቸው ይታያል። በግዛቱ የሂሳብ ተቆጣጣሪ ሥር ደግሞ የከተማውን መጽሐፍ ብቻ የሚከታተል ልዩ ምክትል ተሾመ።

ብዙዎች የሚያነሡት ቅነሳውን ነው፤ ወደ 60 ሺህ የሚሆን የሥራ ቦታ መቀነሱን፣ የደመወዝ ጭማሪ መታገዱን፣ የምድር ባቡር ታሪፍ ከ35 ወደ 50 ሳንቲም መውጣቱን፣ ከ1847 ጀምሮ ነፃ የነበረው የከተማው ዩኒቨርሲቲ በ1976 ክፍያ መጀመሩን። ሁሉም የተራውን ሰው ኑሮ ነክተዋል። ለበጀት አዘገጃጀት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ሁለት ነገር ነው፤ የገቢ ግምት ከአዘጋጁ እጅ ውጪ መመርመሩ፣ እና አንድ ዓመት ብቻውን አለመታየቱ። በርካታ ዓመታት ወደፊት የሚያሳይ ሰነድ ሲኖር የዘንድሮን ክፍያ ወደ ጁላይ መግፋት ምንም አይጠቅምም፤ ጁላይም በዚያው ወረቀት ላይ አለችና።

ሁለቱን የሚሸከም የሂሳብ ሥርዓት ግን አልነበረም። በጀቱ በአንድ መዝገብ፣ ወጪው በሌላ፣ የሠራተኛ ቁጥሩ በሌላ ይያዝ ስለነበር ከተማው ስንት ሠራተኛ እንዳለው እንኳ በአንድ ቀን መናገር ይቸግር ነበር። በ1977 በጀትን፣ ሂሳብንና ክፍያን አንድ ያደረገ የተቀናጀ የፋይናንስ አስተዳደር ሥርዓት ሥራ ጀመረ። ከ1978 በጀት ዓመት ጀምሮም የከተማው ሂሳብ በየዓመቱ በውጭ ኦዲተሮች መመርመር ጀመረ።

የመጀመሪያው ሕግ አንድ ክፍተት ትቶ ነበር። መደበኛ ወጪን ከካፒታል በጀት ማውጣት በአንድ ጊዜ ስለማይቻል ለዓመታት ቀስ በቀስ እንዲወጣ ጊዜ ሰጠ። ስለዚህ በ1978 «ተመጣጠነ» የተባለው በጀት በእውነተኛ የሂሳብ መርህ ሲለካ አሁንም ጎደሎ ነበር። በ1978 ፌዴራሉ እስከ 1.65 ቢሊዮን ዶላር ለሚደርስ የከተማው ቦንድ ዋስትና ሲሰጥ ይህ ክፍተት እንዲዘጋ ተጠየቀ፤ በ1982 በጀት ዓመት ከተማው በአጠቃላይ ተቀባይነት ባላቸው የሂሳብ መርሆች ሚዛኑን እንዲጠብቅ ታዘዘ። በከንቲባ ኤድ ኮች ዘመን ከተማው ይህን ከተቀጠረለት ጊዜ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1981 አሟላ፤ በዚያው ዓመት የረጅም ጊዜ ቦንዱን ይዞ ወደ ገበያ ተመለሰ። ቦርዱ በጀቱን የማጽደቅ ሥልጣኑ በ1986 ጁን 30 አበቃ።

ጥገናው ያስከፈለው

በቀውሱ ዓመታት ለመቀነስ ከሁሉ የቀለለው ነገር ጥገና ነበር። ድልድይ ዘንድሮ ባይቀባ ማንም ሰልፍ አይወጣም። በ1988 ኤፕሪል ከማንሃተን ብሩክሊን የሚያሻግረው የዊሊያምስበርግ ድልድይ ብረቱ በዝገት ስለተበላ ለትራፊክ ተዘጋ። ያልተቀባ ድልድይም የተንከባለለ ዕዳ ነው፤ በየትኛውም ተከፋይ ሂሳብ ውስጥ ግን አይታይም። የሂሳብ መርሁ የተስተካከለ በጀት እንኳ ይህን አያሳይም፤ የከተማውን ንብረት ሁኔታ የሚመዘግብ ለብቻው የሚዘጋጅ ቆጠራ ያስፈልጋል። ከተማው በኋላ እንዲህ ያለ ዓመታዊ ግምገማ በቻርተሩ፣ ማለትም በከተማው መተዳደሪያ ሕግ፣ ውስጥ አስገብቷል።

የአሁኑ የበጀት ካሌንደር ከዚያ ዘመን የወጣ ነው። ከንቲባው በጃንዋሪ የመጀመሪያ ረቂቅ ከአራት ዓመት የፋይናንስ ዕቅድ ጋር ያወጣሉ፣ በኤፕሪል መጨረሻ ዋናውን በጀት ያቀርባሉ፣ ምክር ቤቱ ጁላይ 1 ከመድረሱ በፊት ያጸድቃል፤ ዕቅዱ በዓመቱ ውስጥ በየሩብ ዓመቱ ይከለሳል። ቢያንስ 100 ሚሊዮን ዶላር ጠቅላላ መጠባበቂያ ይያዛል። በጀቱን ከምክር ቤቱ ጋር ያጸድቅ የነበረው የቀድሞው የግምት ቦርድ ለእያንዳንዱ አውራጃ የሕዝቡን ብዛት ሳያይ እኩል ድምፅ ስለሚሰጥ በ1989 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ተባለ፤ በዚያው ዓመት በተደረገ የቻርተር ማሻሻያ ቦርዱ ሲፈርስ የበጀት ሥልጣኑ ለምክር ቤቱ ተላለፈ። በዚያው የቻርተር ማሻሻያ ገለልተኛ የበጀት ቢሮ ተፈጠረ፤ ሥራ የጀመረው ግን በ1996 ነው። የ1975ቱ ሕግ ጊዜው በ2008 ሊያበቃ ይችላል ተብሎ ስለታሰበ በ2005 መራጮች ዋና ዋና ግዴታዎቹን፣ ማለትም ሚዛናዊ በጀትን፣ የአራት ዓመት ዕቅዱን፣ የአጭር ጊዜ ብድር ገደቡንና ዓመታዊ ኦዲቱን ወደ ከተማው ቻርተር እንዲገቡ አጸደቁ።

ጥብቁ ደንብ የራሱን እንከን ይዞ መጥቷል። እያንዳንዱ ዓመት በራሱ ገቢ መሸፈን ስላለበት ከተማው በደጉ ዓመት የተረፈውን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ አይችልም ነበር፤ ያለፈ ዓመት ቁጠባ ለዘንድሮ ወጪ ቢውል ዘንድሮ ጉድለት አለ ተብሎ ይቆጠራል። የበጀት ባለሙያዎቹ ያገኙት መውጫ የሚቀጥለውን ዓመት የዕዳ ክፍያ በዘንድሮ ትርፍ አስቀድሞ መክፈል ነው። ሕጋዊ ነው፣ በግልጽም ይሠራበታል፣ ነገር ግን ገንዘቡን ለአንድ ዓመት ብቻ ነው የሚያሻግረው። በ2019 መራጮች እውነተኛ የመጠባበቂያ ፈንድ እንዲቋቋም ቻርተሩን አሻሻሉ፤ ግዛቱም በ2020 የራሱን ሕግ በዚያው መሠረት ቀየረ።